ግምጃ ቤቱን የጦርነው እኛ ነን

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር

ጉዳዩ፦ የጡረታ አበል በየዓመቱ ከገበያ ዋጋ ጋር በሕግ እንዲያያዝ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላትና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከእንፍራንዝ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና ያለፈ ሰው አዲስ ዘመንን አልፎ ማክሰኚት ሳይደርስ ከተማችንን ያገኛታል። በላይ በኩል ኮረብታው ላይ ዐፄ ሠርፀ ድንግል አሠሩት የሚባለው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ቆሟል፤ በታች በኩል አገሩ ወደ ጣና ይወርዳል። በዚህ የሐይቅ ዳርቻ ባሉ ትምህርት ቤቶች ከ1976 እስከ 2014 ዓ.ም. አስተምሬአለሁ። ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። የምጽፈውም ለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም። አበል በሚገባበት ሰሞን ባንክ ደጃፍ ከዘራቸውን ተደግፈው የሚቆሙት ነርሶች፣ የግብርና ሠራተኞች፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች፣ ዘበኞችና የሟች ሚስቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቁት፦ ይህ ገንዘብ እስከ ስንት ቀን ያደርሰናል?

በመጀመሪያ የራሴን ሒሳብ ልናገር፤ የሌላውን ሁሉ ከዚያ መረዳት ይቻላልና። 60 ዓመት ሞልቶኝ ስወጣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዜ 9,000 ብር ነበር። የአበሉን ስሌት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል ብዬ አምን ነበር፤ ባንክ ደጃፍ ስጠይቅ ግን ብዙው አያውቀውም። ስለዚህ ይጻፍ። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት ከአማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ሲቪል ሠራተኛ ከሆነ 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ያንን ጣሪያ ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ማለትም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ዓመት ሳያቋርጥ 60 የሞላው ሰው ብቻ ይደርስበታል። እኔ 38 ዓመት ሠርቼ 36ቱ ተያዘልኝ። 62.5 በመቶ ወጣልኝ፤ 5,625 ብር።

ሁለቱ ዓመታት የት ገቡ? በወጣትነቴ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ማኅደሬን አጣው። ደመወዝ የተከፈለበት መዝገብ የለም፣ የቅጥር ደብዳቤው የለም፣ የሚያውቀኝ ኃላፊ አርፏል። ሰባት ጊዜ ተመላለስሁ። ሁለት ዓመት በጡረታ ስሌት 2.5 በመቶ ነው፤ ከ9,000 ብር ላይ 225 ብር። በየወሩ፣ እስከ ዕድሜ ልክ፣ ከእኔም በኋላ ከባለቤቴ ድርሻ ላይ። መዋጮው ከደመወዜ ላይ ሲቆረጥ ግን አንድም ወር አልጠፋም ነበር። ይህን የማነሣው ቂም ይዤ አይደለም። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወሎም በሰሜን ሸዋም ስንት መሥሪያ ቤት ተዘርፎ ስንት ማኅደር እንደተበተነ ሁላችንም እናውቃለን። የዛሬዎቹ ወጣት መምህራን ወረቀቱን መፈለግ የሚጀምሩት በ59 ዓመታቸው ከሆነ የእኔን ዕጣ እጥፍ አድርገው ይቀምሱታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በወጣሁበት ዓመት ያ 5,625 ብር አንድ ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር። ዛሬ ያው ብር ግማሽ ኩንታል አይሞላም። እኔ የበላሁት ትርፍ የለም፤ ያጠፋሁት ጥፋት የለም። ብሩ እጄ ላይ እንዳለ ቀለጠ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። ደግ ተደረገ፤ ያንሰው እንደሆነ እንጂ አይበዛበትም። ነገር ግን 36 ዓመት በጠመኔ አቧራ ሳንባውን ያደረቀ ሰው የወጣበት አበል ዛሬ የመጀመሪያ ቀን ሥራውን ከሚጀምር ተላላኪ ደመወዝ በታች ነው። ወንድሜ ተላላኪውም እኔም የምንወጣው ወደዚያው ገበያ ነው። ጤፍ ሻጯ ጡረተኛ ነህ ብላ አትቀንስልኝም።

የተከበራችሁ ሆይ፤ «ጡረታ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አማርኛ የሚናገር ሁሉ ያውቃል። ጦረ ማለት ያረጀ አባትን፣ ያረጀች እናትን አበላ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ነው። በአገራችን ክፉ ርግማን ከሚባሉት አንዱ ጧሪ ቀባሪ አጣ የሚለው ነው። መንግሥት ይህን ቃል ለሕጉ ስም አድርጎ ሲወስደው ትልቅ ቃል ነው የገባው፤ ጉልበትህን ስጠኝ፣ ስታረጅ እንደ ልጅ እጦርሃለሁ ብሏል።

ከጡረታ ሕግ በፊት የነበረው አሠራር ሌላ ነበር። ጉዛራ ላይ ነገሥታት በሚቀመጡበት ዘመን የንጉሥ አገልጋይ ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር። አገልግሎቱ ሲቆም መሬቱም ይነሣል፤ ካልተነሣም የጌታው መልካም ፈቃድ ነው። ይህ ችሮታ ይባላል። ችሮታ የሰጪው ነው፤ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይነሣል፣ ተቀባዩም ደጅ ይጠናል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1955 ይህን ቀየረ። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ እያዋጡ ጡረታ መብት ሆነ። ደርግ ሲመጣ የተወረሱ ድርጅቶች ሠራተኞችም ገቡበት። አዋጅ 345/1995 ተከተለ፤ ከዚያ አዋጅ 714/2003 መዋጮውን በደረጃ አሳድጎ ሠራተኛው 7፣ መንግሥት 11 በመቶ እንዲሆን አደረገ፤ ለወታደርና ለፖሊስ የመንግሥት ድርሻ 25 በመቶ ሆነ። በዚያው ዓመት በአዋጅ 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኞችም የጡረታ ባለመብት ሆኑ። አሁን የምንተዳደርበት አዋጅ 1267/2014 ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ ነው እንግዲህ፤ ሦስት መንግሥት ተለዋውጦበት ጡረታ መብት ነው የሚለው ቃል ሳይፈርስ ቆይቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለሠሩትም ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

ቃሉ ባይፈርስም ከሥሩ እየተበላ ነው። ምክንያቱም አበሉ በመጀመሪያው ቀን በመብት ይወሰናል፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን በችሮታ ይኖራል። ዋጋ በየወሩ ይወጣል፤ የአበል ማስተካከያ ግን ተጠንቶ፣ ተወስኖ፣ በጀት ሲገኝለት የሚመጣ ነው። ሲመጣም በዜና ይነገርና እኛም እናመሰግናለን። ቀድሞ የከፈልንበትን ነገር እንደ ስጦታ ተቀብለን እናመሰግናለን! እንግዲህ ከጉዛራው ዘመን ማደሪያ በምን ተለየ?

አንድ መልስ አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ፈንዱ አይችልም፣ ወጪው ይከብዳል» ይባላል። ወጪው ከባድ መሆኑን አልክድም። ግን ፈንዱ ለምን እንደማይችል አብረን እንይ፤ ይህ ደብዳቤ የተጻፈውም ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ የወጣት አገር ናት። አዋጪው ብዙ፣ ጡረተኛው ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ ፈንዱ ለብዙ ዓመታት ከሚከፍለው ይልቅ የሚሰበስበው ይበልጥ ነበር። ትርፉ የት ዋለ? አብዛኛው በግምጃ ቤት ሰነድ ለመንግሥት ብድር ሆኖ ተቀመጠ፤ ማለትም እኛ ለመንግሥት አበደርን። እስከ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.፣ ማለትም ብሔራዊ ባንክ ሰነዱን ዋጋው በጨረታ እንዲወሰን እስኪያደርግ ድረስ፣ ወለዱ ከ3 በመቶ የማይበልጥበት ዘመን ረጅም ነበር። ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ይኸው የእኛ የጡረታ ገንዘብ ነው። በነዚያው ዓመታት የዋጋ ንረቱ ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት አኀዝ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ።

ይህን በእኛ አገር ቋንቋ ልናገረው። አንድ ገበሬ ለጎረቤቱ አሥር ቁና ዘር አበደረ እንበል። በሦስተኛው ዓመት ጎረቤቱ ስድስት ቁና ከእፍኝ መለሰለትና «ይኸው ከነወለዱ» አለው። በ3 በመቶ ወለድ የተበደረ ገንዘብ ዋጋ በዓመት 20 በመቶ በሚጨምርበት አገር በሦስት ዓመት የሚሆነው ልክ ይህ ነው፤ የ100 ብር የመግዛት አቅም 63 ብር ይሆናል። ገበሬው ይህን ያደረገበትን ሰው ሽማግሌ ፊት ያቆመዋል። እኛ ግን ለዓመታት ዝም አልን፤ ምክንያቱም ገንዘቡ እንደተበደረ የነገረን የለም። መንገዱ፣ ግድቡ፣ ትምህርት ቤቱ በከፊል በዚህ ርካሽ ብድር ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ያስተማርሁባቸው ክፍሎች ግድግዳ ውስጥ የራሴ መዋጮ ቢኖርበት አልጸጸትም። ግን ሒሳቡ ይታወቅ። በነዚያ ዓመታት ጧሪው ግምጃ ቤቱ አልነበረም። ግምጃ ቤቱን የጦርነው እኛ ነን። አሁን እኛ ስናረጅ «አቅም የለም» መባል አይገባም።

የደመወዝ ማሻሻያውን ነገር ደግሞ እንመልከት። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ፤ ለዚህም ከ90 ቢሊዮን ብር በላይ ተመደበ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. እንደገና ወደ 6,000፣ ከፍተኛው ወደ 39,000 ብር አደገ፤ የተነገረው ወጪ 160 ቢሊዮን ብር ነው። የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ የት እንደደረሰ ለሚያይ ይህ ጭማሪ የግድ ነበር። መንግሥት ራሱ በዚህ ድርጊቱ የድሮው ደመወዝ አያኖርም ብሎ መስክሯል። ታዲያ በዚያው በማያኖረው ደመወዝ ላይ የተሰላው አበል እንዴት ያኖራል? ከእኔ ጋር በአንድ የመምህራን ክፍል የተቀመጠ፣ በአምስት ዓመት የሚያንሰኝ ባልደረባዬ ጡረታ ሲወጣ አበሉ በአዲሱ ደመወዝ ይሰላል። ተመሳሳይ ክፍል፣ ተመሳሳይ ዓመታት፣ ተመሳሳይ መዋጮ፤ የተለየው የልደት ቀናችን ብቻ ነው።

እሱም ቢሆን ሙሉውን አያገኝም፤ ምክንያቱም የሦስት ዓመት አማካይ አለ። ለምሳሌ የመጨረሻ ሦስት ዓመታት ደመወዙ 9,000፣ 11,000 እና 16,000 ብር ቢሆን አማካዩ 12,000 ነው። 32 ዓመት ያገለገለ ከሆነ 57.5 በመቶ፣ ማለት 6,900 ብር ያገኛል። ከመጨረሻ ደመወዙ ጋር ሲተያይ ይህ 43 በመቶ ነው። ሕጉ 57.5 ይላል፣ ኪሱ 43 ይላል። ዋጋ በተረጋጋበት አገር የሦስት ዓመት አማካይ ፍትሐዊ ስሌት ነው፤ በመጨረሻው ወር ደመወዝ አስጨምሮ የሚወጣን ሰው ይከላከላል። እኛ ባለንበት ሁኔታ ግን ሐቀኛውን ይቀጣል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የተተኪዎች ነገር ነው። ባለ መብቱ ሲሞት ሚስቱ ወይም ባሏ የአበሉን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ ያገኛሉ። የእኔን አበል ውሰዱና ግማሹን አስሉት፤ 2,812 ብር ከ50 ሳንቲም። ሰፈራችን ውስጥ የመምህር ሚስት የነበሩ አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ከእኔ አሥር ዓመት ቀድመው ወጥተው አረፉ፤ ስለዚህ የእሳቸው ግማሽ የግማሽ ግማሽ ነው ማለት ይቻላል። ዕድር ይከፍላሉ፤ ዕድርን ማቋረጥ በእኛ አገር ከሞት በፊት መሞት ነው። ቀሪው ለደም ግፊት መድኃኒት ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሲወጣ ጡረተኞችም ይካተታሉ፣ ከአበላቸውም ያዋጣሉ ተብሎ ነበር። ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። ያን ጊዜ ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ እኚህ እናት ዛሬ መድኃኒቱን ቀን እየዘለሉ ባልወሰዱት ነበር። እንጀራም መድኃኒትም በአንድ ቀን የሚገዙበት አበል የላቸውም። እንዲህ እያዘኑ አንድ ቀን እንኳ መንግሥትን ሲያማርሩ አልሰማሁም፤ «እሱ ባይኖር ኖሮ ይህም አልነበረም» ነው የሚሉት፣ ስለ ባላቸው።

ልጆቻችሁ አይጦሯችሁም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በአገራችን ወግ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ነገሩ ተገልብጧል የሚል ነው። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣው ልጄ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን በአማራ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ስንት ሥራ ቆሟል፣ ስንት ጊዜ መንገዱ ተቋርጦ ሰው ከጎንደርም ከባሕር ዳርም ቀርቷል። በዚህ ሁሉ መካከል በየወሩ ሳይቋረጥ ወደ ቤት የሚገባው ገንዘብ የጡረተኛው አበል የሆነበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ አበሉ የአንድ ሽማግሌ ራት ብቻ አይደለም። የልጅ ልጅ ደብተርም ከዚያ ይገዛል።

በዚህ ጉዳይ የተፈተንነው እኛ ብቻ አይደለንም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ጋና በዕዳ ተጨንቃ የአገር ውስጥ የመንግሥት ቦንዶችን በረጅም ጊዜና በአነስተኛ ወለድ ልትቀይር ስትነሣ የጡረታ ፈንዶችም ይካተቱ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራቱ ሥራ እናቆማለን አሉ፤ መንግሥት ፈንዶቹን ከዚያ ቅያሪ አወጣ። በየካቲት ደግሞ በግላቸው ቦንድ የገዙ ጡረተኞች በገንዘብ ሚኒስቴር ደጃፍ ቆሙ፤ ከእነርሱ ጋር የቀድሞዋ የአገሪቱ ዋና ዳኛ ሶፊያ አኩፎ ነበሩ። አንዲት ዋና ዳኛ ከሽማግሌዎች ጋር መንገድ ላይ የቆመችው ገንዘቧ ስለጠፋ ብቻ አይመስለኝም። የሠራተኛ የስተርጅና ገንዘብ የመንግሥት የበጀት ጉድለት መድፈኛ እንዳይሆን ነው። የእኛ ገንዘብ የጋናው ዓይነት ድንገተኛ ቅያሪ አልገጠመውም፤ ዝም ብሎ፣ በዓመታት፣ በዝቅተኛ ወለድ ነው ያለቀው። ለዚህ ደጃፍ ላይ የሚቆም ሰው አልተገኘም፤ ድምፅ የሌለው ኪሳራ ነበርና።

ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምለው? ከሁሉ በፊት አንድ አንቀጽ ነው የምጠይቃችሁ። አበል በየዓመቱ፣ በታወቀ ቀን፣ የስታቲስቲክስ አገልግሎት በሚያወጣው የዋጋ ንረት ልክ እንዲስተካከል አዋጁ ራሱ ይዘዝ። ማንም ጥናት አያቅርብበት፣ ማንም ስብሰባ አይጥራበት፤ እንደ መዋጮው ሁሉ በራሱ ይሂድ። መዋጮ ሲቆረጥ ስብሰባ ተጠርቶ አያውቅምና። አንድ ዓመት በጀቱ በእርግጥ ካልቻለ ምክር ቤቱ በግልጽ ተወያይቶ፣ ምክንያቱን ለሕዝብ ነግሮ ለዚያ ዓመት ብቻ ይቀንሰው። ያን ጊዜ ሸክሙ ይገለበጣል፤ ጭማሪ ለማግኘት ጡረተኛው ደጅ ከሚጠና፣ ላለመጨመር መንግሥት ምክንያት ያቅርብ። ከ2017 በፊት የወጡትም በአሮጌው ደመወዝ የተሰላው አበላቸው አንድ ጊዜ በአዲሱ እርከን ልክ ይታይላቸው። ከዝቅተኛው ይጀመር፤ መጀመሪያ የሟች ሚስቶችና ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከዚያ ሌላው። በአንድ በጀት ዓመት የማይቻል ከሆነ በሦስት ይከፈል፤ እኛ መጠበቅ ለምደናል፣ ሲጠብቁ የሚሞቱትን ግን አስቡ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ፈንዱ ከዋጋ ንረት በታች እንዳያበድር ሕግ ይከልክለው። መንግሥት ከጡረታ ፈንድ መበደር ይችላል፤ ይበደር፤ ግን ከማንም እንደሚበደረው ይክፈል። አዲሱ አዋጅ ፈንዱ ከግምጃ ቤት ሰነድ ውጭም እንዲሠራ በር ከፍቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ተከፍቷል። ይህ መልካም ዕድል ነው፤ ስጋትም አለው። የሽማግሌ ገንዘብ ለቁማር አይሆንም። ስለዚህ ገንዘቡን በሚያስተዳድረው ቦርድ ላይ የጡረተኞች ተወካይ ድምፅ ያለው ወንበር ይኑረው፤ ፈንዱ ያለበት ሁኔታም፣ ያለው፣ ያበደረው፣ ያተረፈውና የከሰረው፣ በየዓመቱ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ይታተም። አሁን ያለ ሠራተኛም መዋጮው ምን ያህል እንደደረሰ፣ ስንት ዓመት እንደተመዘገበለት በየዓመቱ በስልኩ መልእክት ይድረሰው። ባንኩ አምስት ብር ሲቆርጥ መልእክት ይልክልናል። በ38 ዓመት ግን ስለ አገልግሎቴ ማንም አንድ መስመር አልጻፈልኝም ነበር።

የጡረታ መውጫ ዕድሜን ስለማሳደግ የሚነሣ ሐሳብም አለ። በአንድ ወቅት 55 የነበረው 60 ሆኗል፤ ፈረንሳይም በ2015 ዓ.ም. ከ62 ወደ 64 ስታሳድግ አገሩ በሰልፍ ተናወጠ። እኔ በዚህ ላይ ያለኝን በአጭሩ ልናገር። አውሮፓ ዕድሜ የሚያሳድገው ሽማግሌው በዝቶ ሠራተኛው ስላነሰበት ነው። እኛ ሥራ ያጣ ወጣት በየበሩ ተቀምጦ ሳለ 62 ዓመት የሞላውን ነርስ በሌሊት ተራ ማቆየት ሁለት ሰው መጉዳት ነው። መምራትና ማማከር የሚችል በፈቃዱ ይቆይ፤ በግዳጅ ግን አይሁን። መዋጮውም ሠራተኛው ላይ አይጨመር። 7 በመቶ ከዛሬ ደመወዝ ላይ የሚሰማ ቁራጭ ነው።

ወታደሩንና ፖሊሱን በተመለከተ መንግሥት 25 በመቶ ማዋጣቱ ትክክል ነው፤ ከእኛ ቀደም ባለ ዕድሜ ይወጣሉ፣ ሰውነታቸውን ይከፍላሉ። እነሱም ግን እንደ እኛ በአሮጌ አበል የሚኖሩ ናቸው። የሐምሳ አለቃ ጡረታ ይዘው በየከተማው የግለሰብ መጋዘን ዘበኛ ሆነው የሚያድሩ አባቶችን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በመጨረሻ ቃሌ ዛሬ ሥራ ላይ ላላችሁት ነው። በአዲሱ ደመወዝ ደስ ብሏችኋል፤ ደስ ይበላችሁ፣ ይገባችኋል። ነገር ግን በየወሩ ከእያንዳንዳችሁ ደመወዝ 7፣ ከመንግሥት 11፣ በድምሩ 18 በመቶ ወደዚህ ፈንድ ይገባል። ይህ የእኛ ብቻ ሳይሆን የእናንተም ገንዘብ ነው፤ በ20 ዓመት ውስጥ የምትሰለፉበት ሰልፍ ነው። ማኅደራችሁን ዛሬ ጠይቁ። የሠራችሁበትን እያንዳንዱን ወረዳ ደብዳቤ ቅጂ እቤታችሁ አስቀምጡ። የሙያና የሠራተኛ ማኅበሮቻችሁ ስለ ደመወዝ ሲጠይቁ ስለ ጡረታም ይጠይቁ።

እናንተ የምክር ቤት አባላት ደግሞ፣ የሚቀጥለው ዓመት የበጀት ረቂቅ በሰኔ ሲቀርብላችሁ ስለ አበል ማስተካከያ የሚናገረው አንቀጽ የትኛው እንደሆነ የገንዘብ ሚኒስቴርን ጠይቁልን። ከሌለ፣ ሳይጨመር ድምፅ አትስጡ። የምርጫ ክልላችሁ ውስጥ ባንክ ደጃፍ ሄዳችሁ ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ የቆሙትን አንዲት እናት አበላቸው ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ በትሕትና ይነግሯችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር
እንፍራንዝ